ሁሉን «ደህና» የሚል ድራይቨር

እኛ አገር ሰው ታሞ እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት መጀመሪያ የሚለው «አልሐምዱሊላህ» ነው። ከዚያ ተራው የእናንተ ይሆናል፤ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ወረኢሉ ያሉት ዘመዶች ሳይቀሩ አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ወሬው ሁሉ አልቆ ልትሄዱ ተነሥታችሁ በር ላይ ስትደርሱ «ይቺ ጎኔን ወጋ ወጋ አድርጋኝ ሰንብታለች፣ ደግሞ ምንም አይደል» ይላችኋል። እንዲህ ያለ ሰው እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል ማለት ነው። መካነ ሰላም ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። እኔም አውቀው ነበር፤ ችግሩ ኮድ መጻፍ ስጀምር ኮዴም የመካነ ሰላም ልጅ ሆኖ አረፈው።

ነገሩ የመጣው በአንድ ላፕቶፕ ነው። ታላቅ እህቴ ጅዳ፣ ሰው ቤት ነበር የምትሠራው። እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባና እኔ ነን፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ፣ አባ ደግሞ ቤታቸው ሆነው የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ያቀራሉ፣ ያስነብባሉ። እህቴ ከሄደች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። ስትደውል አባ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ያወሯታል። ስልኩ ሲዘጋ «ድምፅማ ሰማን፤ ፊቷን ባየው ነበር እንጂ» ይላሉ። አባ ነገር የሚመኙ ሰው አይደሉም። ሐጅን እንኳ «አላህ ከወፈቀኝ፣ ካደለኝ» ብለው ነው የሚያልፉት። የልጃቸውን ፊት የማየቱን ነገር ግን ደጋገሙት፤ ሲደጋግሙት ደግሞ አንጀቴን በሉት።

ይህን ለእህቴ ነገርኳት። ብዙም አልቆየች፣ አሠሪዎቿ አዲስ ሲገዙ የተውላትን ላፕቶፕ ላከች። ያመጣችው ከጅዳ ተመልሳ ወደ አገሯ አቀስታ የምትገባ ሴት ናት። አቀስታ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት፤ የአቀስታ ብርድ ጥርሴን እያንገጫገጨኝ፣ ነብር በተሣለበት ወፍራም የዐረብ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፌ በሚኒባስ ተመለስኩ። ሹፌሩ «ሕፃን ነው?» አለኝ። «አዎ፣ እንዳትቀሰቅሰው» አልኩት።

አባ ከላፕቶፑ ይልቅ በብርድ ልብሱ ነው የተደሰቱት። «ይኸ ነብር ግን ሲያፈጥብኝ ሊያድር ነው?» አሉና ገልብጠው ደረቡት። ላፕቶፑን ስከፍተው ኪቦርዱ ላይ የዐረብኛ ፊደል አዩ። «እንዴ! ይኸማ የኛ ነው!» ብለው ጣታቸውን እያስኬዱ እንደ ቁርአን ሊቀሩበት ጀመሩ። ፊደሎቹ ግን የኪቦርድ ፊደል ናቸውና ተዘበራርቀው ተቀምጠዋል። አባ ቅንድባቸውን ሰቅለው «ማነው ይኸን ያቀራው? አላህ ይይለት» ብለው ሳቁ።

ውስጡ በቫይረስ የተወረረ ነበር። ያኔ ከተማችን ውስጥ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ፍላሹ በዞረበት ሁሉ ቫይረሱ ጉንፋን ሆኖ ይከተላል፤ ከጅዳ የመጣውም ከኛ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ጠቅላላውን ደመሰስኩና ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንኩበት፤ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ቫይረስም ብዙ አይደፍረውም። ሁሉም ነገር ሠራ። ድምፁ ሠራ፣ ካሜራው ሠራ፣ እንደ ፍላሽ የሚሰካው የኢንተርኔት መቀበያ እንኳ መስኮቱ አጠገብ ካስቀመጡት ሠራ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ፤ የስክሪኑ ብርሃን። ሲፈልግ ፍዝዝ ይላል፣ ቁልፉን ብትጫኑት ብትጫኑት ጆሮ ዳባ ልበስ። ፊት ሊታይበት በመጣ ዕቃ ላይ ይኸ ይመጣል? ቆሽቴ አረረ።

ድራይቨር ማለት ደላላ ነው። ሲስተሙና ዕቃው ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም፤ ድራይቨሩ መሀል ገብቶ የዚህን ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ ያደርሳል። ሲስተሙ «ብርሃኑን ሰባ አድርግልኝ» ብሎ ሲያዝ ድራይቨሩ ዘንድ የሚደርሰው ጽሑፍ ነው፣ ፊደል በፊደል። ድራይቨሩ ጽሑፉን አንብቦ ወደ ቁጥር ይለውጥና ስክሪኑን ያዛል። ከዚያ ተመልሶ «ሆኗል» ወይም «አልሆነም» ብሎ ለሲስተሙ ይነግራል። ሥራው ይኸው ነው። ለላፕቶፑ የሚሆን ድራይቨር ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚጽፉት ነው። ብርሃኑን የሚያዘው ክፍል ግን ገና አልተጻፈም። እኔ እጽፈዋለሁ አልኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በዚህ ትምህርት የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ማን ይከለክለኛል?

ጻፍኩት። ወይ አጻጻፍ! አሁን ሳስበው ኮድ አይደለም የጻፍኩት፣ የሰርግ ቤት አስተናጋጅ ነው። ጽሑፉ ሲመጣ ደጅ ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል። ክፍት ቦታ ይዞ ከመጣ ያራግፍለታል። ከቁጥሩ መሀል ፊደል ተቀላቅሎ ቢያገኝ «ግድ የለም፣ ተሳስቶ ነው» ብሎ ፊደሉን ዘሎ ቁጥሩን ይወስዳል። ቁጥሩ ከልክ በላይ ከሆነ ዝቅ ያደርገዋል፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ከፍ ያደርገዋል። ዜሮ ራሱ ሲመጣ «እንዴት እንግዳ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል?» ብሎ ትንሽ ብርሃን ይተዋል። ምንም ሳይዝ ባዶውን የመጣውንም አያሳፍረውም፤ «ግማሽ ማለቱ ይሆናል» ብሎ ያስገባዋል። ይህ ሁሉ መስተንግዶ በ«እንዲህ ከሆነ» ውስጥ «እንዲህ ከሆነ»፣ በዚያም ውስጥ ሌላ «እንዲህ ከሆነ» እየተደራረበ ከገጹ አልፎ ሄደ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ትእዛዙን ተቀበለም አልተቀበለም፣ ኮዴ ለሲስተሙ የሚመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሆኗል»። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና፣ ምንም ችግር የለም።

ለነገሩ በኔ ብቻ አይፈረድም። ያን ጊዜ ትምህርት ቤታችን አንድ ለአምስት ተደራጁ የተባልንበት ጊዜ ነው። በየስብሰባው «ቡድናችሁ እንዴት ነው?» ሲባል መልሱ «በጥሩ ሁኔታ ላይ እንገኛለን» ነው። ከላብራቶሪው ኮምፒውተር ግማሹ አልነሣ ብሎ ተማሪ በተማሪ ላይ ተደራርቦ እየተቀመጠ፣ እኔው ራሴ ብድግ ብዬ «በጥሩ ሁኔታ ላይ እንገኛለን» ብያለሁ። ሰው ከዋለበት ይማራል።

እህቴ የምትደውለው ጁምዓ ከሰዓት ነው፤ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ያቺ ሰዓት የራሷ ትሆናለች። አባ ከሶላት መልስ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ ሽቶ ተቀብተው ይቀመጣሉ። ሴት ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉባቸው ጎረቤቶችም ይመጣሉ። አንዷ «የኔዋ ኩዌት ናት፤ እዚያ ውስጥ ፈልጊልኝ እስቲ» ትለኛለች፤ ገበያ ላይ የጠፋች በግ ናት የመሰለቻት። የእህቴ ፊት መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የመጣ ዕለት አባ እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ዳሰሱት። «አባ፣ በጣት አይነካም» አልኳቸው። «ዝም በይ አንቺ» አሉኝ። እህቴ ወዲያ ታለቅሳለች፣ አባ ወዲህ «ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ» ይላሉ፣ እኔ መሀል ቆሜ በነጠላዬ ጫፍ የጣት አሻራ እጠርጋለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ደስታው ግን በየመሀሉ ይጨልማል። እህቴ እያወራች ሳለ ፊቷ ቀስ እያለ ይፈዛል፤ እዘልና ቁልፉን እጫናለሁ፤ አንዳንዴ ይሰማኛል፣ አንዳንዴ አይሰማኝም። ድራይቨሩ ምን እንደመለሰ አያለሁ፤ «ሆኗል» ይላል። አባን እጠይቃለሁ፤ «ትታይዎታለች አባ?» «አልሐምዱሊላህ፣ ቁልጭ ብላ!» ይላሉ። ድራይቨሩ ደህና፣ አባ ደህና፣ ያላማረበት ስክሪኑ ብቻ። እንዲህ እንዳለን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ገብሱም ታጨደ።

በዚያው ሰሞን አባ ትንሽ የኮሩ መሰለኝ። ድሮ ከሩቅ እጃቸውን አንሥተው ሰላም የሚሉ ሰውዬ፣ አሁን ቀድሞ ያልተናገራቸውን ሰው ዝም ብለው ያልፉታል። መስጊድ ሲሄዱም ከሚያቀሯቸው ልጆች የአንዱን ትከሻ ይዘው ነው። «እንግዲህ ትልቅ ሸህ ሆኑብን፤ ያለ አጃቢ መሄድ ቀረ» እያልኩ እተርባቸዋለሁ። ይስቃሉ። በሳቅ አልፈውኝ ይሄዳሉ።

ስክሪኑ ሲያስቸግረኝ ኮዴን ያንን ድራይቨር ኢንተርኔት ላይ ለሚጽፉትና ለሚንከባከቡት ሰዎች ላክሁት። አዲስ ኮድ ሲላክላቸው አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ። በእንግሊዝኛ እንደምንም አሳምሬ ጻፍኩ፤ ሰላምታዬን አቀረብኩ፣ ጤናቸውን ጠየቅኩ፣ ልፋታቸውን አመሰገንኩ፣ ከመካነ ሰላም እንደምጽፍና አገሩ ብርድ መሆኑን ነገርኳቸው፣ ከዚያ ኮዱን አያያዝኩ። መልሱ ቶሎ መጣ። የት አገር እንዳለ የማላውቀው ሰው ነው። ሰላም የለ፣ እንዴት ሰነበትሽ የለ! «ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጥ የተዘጋጀ ፋንክሽን አለ፤ እሱን ተጠቀሚ። ቁጥር ካልሆነ መልሺው። ከልኩ ውጪ ከሆነ መልሺው። ዕቃው እምቢ ካለ እምቢታውን እንዳለ አስተላልፊ። ስሕተት አትደብቂ።» በቃ፣ ይኸው ነው።

«አሳዳጊ የበደለው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

አባ ከወዲያኛው ክፍል «ማነው ደግሞ?» አሉ።

«አንድ ፈረንጅ ነው። ሥራዬን አጣጣለብኝ፤ ሰላም እንኳ አላለኝም።»

«ሰላም ሳይል?» አሉ አባ ደንግጠው። ሌላውን ነገር አልጠየቁም፤ እሳቸውን የከነከናቸው ሰላምታው ነው። «ምናልባት ሰው ሞቶበት ይሆናል» ብለው ዱዓ አደረጉለት።

በማግስቱ ጠዋት እንዳኮረፍኩ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከግድግዳው ወዲያ ልጆቹ ይቀራሉ። አባ ቁርአኑ በልባቸው ነው፤ መጽሐፍ አይገልጡም፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። አንዱ ልጅ ሲስት በከዘራቸው ወለሉን ኳ! ያደርጉና «ተመለስ!» ይላሉ። እስኪጨርስ አይጠብቁትም፤ የሳታት ቦታ ላይ ነው የሚያስቆሙት። ልጁ ከሩቅ መጥቶ ይሁን፣ ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ይሁን፣ አይታይለትም። ኳ! ተመለስ። ትንሽ ሳለሁ እኔንም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉኝ፤ «ለምን አያስጨርሱኝም?» ብላቸው «ስሕተቱን ካስጨረስኩሽማ እሱኑ ትሸመድጃለሽ» ነበር ያሉኝ።

ጣቴን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረግሁ ሳዳምጥ ቆየሁና ኮዱን ማጥፋት ጀመርኩ። ክፍት ቦታ የሚያራግፈው ሄደ። ፊደል የሚዘልለው ሄደ። ዝቅ የሚያደርገው፣ ከፍ የሚያደርገው፣ «ግማሽ ማለቱ ይሆናል» የሚለው፣ ሁሉም ተከታትለው ወጡ። ያ ሁሉ ደጅ ሲጠብቅ የነበረ አስተናጋጅ በሰልፍ ተሰናበተ። በምትኩ የተዘጋጀውን ፋንክሽን ጠራሁት፤ ጽሑፉ ቁጥር ካልሆነ «ቁጥር አይደለም» ብሎ እዚያው በሩ ላይ ይመልሰዋል። ቁጥሩ ከልኩ ውጪ ከሆነ «ይህ አይሆንም» ብሎ ይመልሰዋል። በልኩ ከሆነ ስክሪኑን ያዛል፣ ስክሪኑ የመለሰውንም ምንም ሳይቀባ ለሲስተሙ ይነግራል። ከገጽ አልፎ የነበረው ኮድ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ሆነ። መጀመሪያ አሳፈረኝ። ባዶ ቤት መሰለኝ፤ እንግዳ ቢመጣ ምን ይባላል?

አስነሣሁትና ቁልፉን ተጫንኩ። ወዲያው ጮኸ። «ዕቃው ሥራ ላይ ነው፣ አልተቀበለኝም» አለኝ። ስንት ጊዜ የለፋሁበት ነገር እኮ ነው! ስክሪኑ አንዱን ትእዛዝ ሳይጨርስ ሌላ ሲደርስበት እምቢ ይላል፤ የኔ ጨዋ ኮድ ደግሞ እምቢታውን ዋጥ አድርጎ «ሆኗል» ሲለኝ ኖሯል። ድራይቨሩ ትንሽ ጠብቆ ደግሞ እንዲያዘው አደረግሁ። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለዚያ ሰላም ለማያውቅ ሰውዬም ኮዱን መልሼ ላክሁለት፤ አፍንጫውን ይላስና እኔም ያለ ሰላምታ ነው የላክሁለት። «ጥሩ» ብሎ መለሰልኝ። ከሱ አፍ ስትወጣ ምርቃት መሰለችኝ።

ላፕቶፑን ታቅፌ አባ ዘንድ ሮጥኩ። «አባ! ተሠራ! ከእንግዲህ ፊቷ አይፈዝብዎትም!»

ከዘራቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «አላህ ይባርክሽ ልጄ» አሉ ከዚያ።

ጁምዓ ደረሰ። ጎረቤቶቹ ደጎሎ ከተማ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ያን ቀን እኔና አባ ብቻ ነን። የእህቴ ፊት ስክሪኑ ላይ መጣ፤ እንደዚያ ጠርቶ አይቼው አላውቅም። አባ ትራሳቸውን ተደግፈው ወሬውን ጀመሩ፤ ገብሱ፣ ብርዱ፣ ማን ወለደ፣ ማን አገባ። እህቴ ስለ አሠሪዋ ትንሽ ልጅ ተንኮል እያወራች በሳቅ ታፈርሰናለች። በዚህ መሀል መብራት ሄደ።

መብራት መሄዱ እኛ ጋ ወሬ አይደለም። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ኢንተርኔቱም አልተቋረጠም። ነገር ግን መብራት ሲሄድ ሲስተሙ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ድራይቨሩን «ብርሃኑን ዜሮ አድርግ» ይለዋል። ለካ ሁልጊዜም ይለው ነበር፤ የድሮው ኮዴ ነው እንግዳ ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም እያለ ሲሸፍንለት የኖረው። አዲሱ ኮድ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለውም። ዜሮ ተባለ፣ ዜሮ አደረገ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠቆረ። የእህቴ ፊት የለም፤ ድምፅዋ ብቻ ይመጣል፤ እሷ ምንም ሳይታወቃት ስለ ልጁ ማውራቷን ቀጥላለች።

«ወይ ጉዴ» ብዬ ቁልፉን ልጫን እጄን ሰደድኩ።

አባ ወደ ጥቁሩ መስታወት ፈገግ አሉና «ማሻ አላህ፣ ዛሬ ፊትሽ ፈካ ብሏል» አሏት።

እጄ አየር ላይ ቀረ። በቀን ነው፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ፊታቸው ላይ አርፏል። ዐይናቸውን አየሁት። በየቀኑ የማየው ዐይን ነው፤ ብሌኑ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ተጋርዶበታል። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ማለት ይኸ ነው፤ አንድ ቤት እየበላሁ እየጠጣሁ፣ ኮሩ እያልኩ ስተርባቸው ነበር።

«አባ፣ ትታይዎታለች?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ቁልጭ ብላ!»

«አባ» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። «ስክሪኑ ጠፍቷል እኮ። ምንም ነገር አይታይበትም።»

ፈገግታቸው ወዲያው አልሄደም፤ ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየ። «መብራት ሄዶ ነው?» አሉ። ሊቀልዱ አሰቡ፣ ቀልዱ አልመጣላቸውም። እህቴ ወዲያ «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ? አባ?» ትላለች።

እኔ ስደነግጥ የምናደድ ሰው ነኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ያሳደጉን ሰውዬ!» አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ኧረ ይንገሩኝ!»

«አትቆጪኝ» አሉ። «ጭጋግ ጭጋግ እያለ ነው የመጣው። ክረምቱ ሲገባ ጥላዋ ይታየኝ ነበር። አሁን መስኮቱ ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከዚያ ሌላ የለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ እኮ እንዳያት ብለሽ ነው የምትለፊው። አላያትም ብዬ እንዴት ልፋትሽን ላፍርሰው? እሷስ? ሰው ቤት ሆና አባትሽ ዐይኑ ጠፋ ትባል?»

እንባዬ መጣ። አለቀስኩ፣ ከንዴቱ ጋር አንድ ላይ። እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታለች። «አባ» አለች።

«ወዬ ልጄ።»

«ታዲያ ባለፈው ጁምዓ ከስተሻል ያሉኝ ምኔን አይተው ነው?»

አባ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መለሱ። «ድምፅሽን ነዋ» አሉ። «ድምፅሽ ነው የከሳው።»

ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ፊታችንን አይታ እንደምታለቅሰው ለቅሶ አልነበረም። «ታምሜ ነው የከረምኩት አባ» አለች። «ወገቤን ነው። ቆሜ መሥራት አቅቶኛል። ለናንተ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ቁልፉን የተጫንኩት ያኔ ነው። ብርሃኑ መጣ፣ ፊቷም መጣ። አባ የቁልፉን ድምፅ ሰሙ መሰለኝ «አሁን መጣች?» አሉኝ።

«መጣች።»

«እስቲ እይልኝ። እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አየኋት። ጉንጯ ገብቷል፣ ሻርፑ የሰፋባት ይመስላል። «ከስታለች አባ» አልኩ። «በጣም ከስታለች። ዕድሜዋንም አትመስልም።»

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ዐይናቸውን ጠረግ ጠረግ እያደረግሁላቸው «ይኸ እኮ የዐይን ሞራ ነው፤ ደሴ ይነሣል! ነገ ጠዋት ባለው መኪና እንሄዳለን፣ እምቢ ቢሉም ተሸክሜ ነው የምወስድዎት!» አልኩ።

«እሷ ሳትኖር ምን ላይበት?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ዞሩ። እህቴ ከሄደች ጀምሮ ስለ መምጣቷ ሲነሣ «እንዳመቸሽ»፣ «አላህ ባለው ቀን» ነበር የሚሏት፤ ሌላ ነገር ሲሏት ሰምቼ አላውቅም።

«ነይ» አሏት።